የላክሽልኝ ስድስት መቶ ግሦች

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ ትወጣለች ወይ? ልጅሽንስ ያ ሳል ለቀቃት? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ጨጓራዬም፣ ወገቤም፣ እንፋሎት የላጠው ክንዴም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ በስልክ ብጀምረው ማልቀሴ ስለማይቀር በወረቀት አደረግሁት።

የኮሌጁን የእንግሊዝኛ መግቢያ ፈተና አልፌያለሁ። ከተፈተንነው ሁሉ ዘጠነኛ ነው የወጣሁት። ያወጣኝም ያ ስፈራው የኖርኩት የግሥ ክፍል ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስድስት ስድስት ከባድ ግሥ፣ ከነትርጉሙና ከነምሳሌው፣ በዚያ በሚያምር የመምህር እጅ ጽሑፍሽ ትልኪልኝ ነበር። እንዴት እንዳጠናኋቸው ግን ነግሬሽ አላውቅም። እዚህ ላውንደሪ ቤት የሆቴሉን አንሶላ ሁለት ሆነን ነው የምናጥፈው። የኔዋን ጓደኛ ረጅሟ እንላታለን። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ጫፉን ይዘን ሦስቴ ስናጥፍ አንዱን ግሥ በሦስት መልኩ እንለዋለን፤ መጀመሪያ የአሁኑን፣ ቀጥሎ የትናንቱን፣ በመጨረሻ ያለቀለትን። እስክሪብቶው በእንፋሎቱ እየፈሰሰ ሲያስቸግረኝ በእርሳስ ጽፌ ካውያ የምንመታበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እለጥፋቸው ነበር። አንድ ቀን አለቃችን ሲቆጣት ረጅሟ ‹‹ሪሊንኩዊሽ!›› ብላው ሄደች። የያዙትን መልቀቅ ማለት እንደሆነ የት አውቃ፣ ስድብ ስለመሰላት ነው። እሱም ስድብ መስሎት ሦስት ቀን አኮረፈ። በሳቅ ሞትን።

ከፈተናው በኋላ የቀረኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን ማቅረብ ብቻ ነበር። ስሄድ እናታችን ሣጥን ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ላኪልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩሽ። አንዴ የሣጥኑ ቁልፍ ጠፋ አልሽ። አንዴ አይጥ ገብቶበት እንዳይሆን አልሽ። አንዴ ደግሞ አንቺ ዝም ብለሽ አጥኚ፣ እሱን ለእኔ ተይው አልሽኝ። እኔ ሞኟ አጠናሁ። በመጨረሻ ኮሌጁ ራሱ ለትምህርት ቤታችን ጻፈ፤ መልሱም ማክሰኞ መጣ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አነበበችልኝ። የሰርተፊኬቱ ባለቤት መምህራን ኮሌጅ ገብታ በእንግሊዝኛ ተመርቃለች ይላል። ከሥሩ ያ መምህራን ኮሌጅ የላከው የተመራቂዋ ፎቶ አለ። ስሙ የእኔ ነው፣ ፎቶው ያንቺ ነው።

የአሥራ ሁለተኛን ፈተና በመጀመሪያው ዓመት ወድቀሽ በዓመቱ ደግመሽ አለፍሽ ሲሉኝ እልል ያልኩት እኮ እኔ ነኝ!

ለአጎታችን ደወልኩለት። ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጥቶ የሰጠሽ እሱ መሆኑን አልካደም። ‹‹አንቺ እንደሆነ ሄደሻል፣ ወረቀቱ ለአይጥ ከሚቀር እህትሽ ሰው ብትሆንበት ምን አለበት ብዬ ነው›› አለኝ። ለእሱ የትልቋ ጫማ ለትንሿ እንደሚተላለፈው ነው። እናታችን ምንም እንደማታውቅ ማለልኝ። በእሱ ብዙም አልፈረድኩም። ያንቺ ግን አልዋጥልኝ አለ። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው የሚሉት እውነት ኖሯል። ወረቀቱን ስትወስጂ ልጅ ነበርሽ፣ ወድቀሽም ስታለቅሺ ከርመሽ ነበር፤ እሺ ይሁን። ነገር ግን ሁለት ዓመት ውሃ ስወቅጥ ዘነዘናውን የምታቀብይኝ አንቺ ነበርሽ። ስድስት መቶ ግሥ ስትጽፊ፣ እህቴ ወረቀትሽ የለም የምትል አንዲት መስመር መጨመር እንዴት አቃተሽ?

ሴትዮዋ ፎቶውንና እኔን እያፈራረቀች አየችና ይህች አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው ናት አለችኝ። ሌላ ሰው ከሆነች ለትምህርት ቤቱ እንጽፍባታለን፣ አንቺንም እናስገባሻለን ብላ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችኝ። ረጅሟ ተናገሪ፣ የምታፍረው እሷ ናት አለችኝ። ዓርብ የሄድኩት ልናገር ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ከተማሪዎችሽ ፊት ሲያስወጡሽ፣ ልጅሽም እማዬን የት ነው የሚወስዷት ስትል ታየኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ተምሬ ጨርሼ ነበር፣ የደበቅኋችሁ እኔ ነኝ አልኳት። የተመረቀ ሰው እዚህ መግቢያ አይፈተንም፣ ዋሽተሽናል ብላ ፋይሌን በቀይ ሰረዘችው። ሁለተኛም እንዳልመጣ ነገረችኝ።

ይህን ያደረግሁት ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ እንዳትሳሳቺ። ተናድጄብሻለሁ፣ ገና ብዙ ዓመት እናደዳለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬም አልተውኩትም። ለእናታችን በገዛ አፍሽ ንገሪያት። እሁድ ስደውል ኮሌጁ እንዴት ሆነልሽ ማለቷ አይቀርም፤ ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ዋሽቼልሻለሁ፣ ለእናቴ ግን አልዋሽልሽም።

የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደረጃውን ቀስ እያለች ትውጣ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ እሱ ምንም አላደረገኝም። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አንገቷንም ከብርድ ሸፍኚላት። አጎታችንን እግዜር ይስጥህ ብላሃለች በይው፣ እንደፈለገ ይተርጉመው። ረጅሟ ሰላምታ አልላከችልሽም።

አንቺ ደግሞ ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ እትዬ አትበይኝ፤ በስሜ ጥሪኝ። ፖስታው ላይም ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፊው፤ እጅሽ መቼም ለምዶታል።

እህትሽ
ከላውንደሪው ምድር ቤት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን