ስለ ድልድዩ ላሜራና ስለ ባለቤቴ የብርድ ወራት ብስክሌት

ለክቡር አቶ ኦርትዊን ደ ብራባንደር
የቬልደርዘሌ ከተማ ምክር ቤት የመንገድ ጉዳይ ሹም

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የቢሮዎን ሙቀት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከማይለቀኝ ጉንፋንና ባለፈው ወር በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ካደረጉት ንግግር በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ በአደባባይ ለተናገሩት እኔ በጓዳ ብመልስ ውለታዎን ያጓደልኩ ስለመሰለኝ የከተማችን ጋዜጣ እንዲያወጣልኝ ለምኛለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ምናልባት ፊቴን ረስተውት እንደሆነ፣ ስሜ አኪል ቫንደርስሚሰን ነው። ጡረታ የወጣሁ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ስሆን፣ ባለፈው የውርጭ ወራት በቦዩ ድልድይ ላይ ከብስክሌቷ ወድቃ የሞተችው የቬርለ ባል ነኝ። «ባሏ ነበርኩ» ማለት እንደሚገባኝ ሰዎች ነግረውኛል፤ አፌ ግን እምቢ ብሎኛል።

ክቡርነትዎ በዚያ ስብሰባ ላይ እንዲህ አሉ፦ «አደጋው ያሳዝናል፤ ግን እውነት እውነቱን እንነጋገር። ሴትዮዋ ይዛው የወጣችው ብስክሌት ለውርጭ የሚሆን አልነበረም። ያዘጋጀላት ሰው ነው ማሰብ የነበረበት።» ያዘጋጀላት ሰው ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊትዎ ተቀምጦ ነበር። እኔ ነኝ። ልጃችን ሊዘሎት ደግሞ «የእማዬን ብስክሌት ስጠኝ፣ እኔ ልንዳው» እያለች ሌት ተቀን ትወተውተኛለች፤ ስለዚህ የእርስዎ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ይህን ካልኩ ዘንዳ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ብስክሌት አመራረጥ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የሚነዱት መኪና ወንበሩ እንኳ የሚሞቅ ሲሆን ስለ እኛ ብርድ ለማሰብ ጊዜ ማግኘትዎ ያስደንቃል። እኔ ባልተማረው ጭንቅላቴ የሠራሁት እንዲህ ነበር። ገበሬዎቹ ስኳር የሚወጣውን ቀይ ሥር መንቀል ጀምረው ትራክተሮቹ ጭቃውን አስፋልት ላይ ሲዘሩት፣ የቬርለን ቀላልና ቀጭን የበጋ ብስክሌት ጋራዡ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። በምትኩ አካሉ ብረት የሆነ፣ ሰፋ ያለ ጎማ የሚያስገባ አሮጌ ብስክሌት መረጥኩላት። ጎማው መንገዱን እንዲጨብጥ ነፋሱን ቀነስ አደረግኩ። ቸርኬው ሲረጥብ የሚከዳውን ዓይነት ፍሬን ትቼ የዲስክ ፍሬን ያለውን ወሰድኩ። ዳገቱን ተቀምጣ እንድትወጣው ቀላል ማርሽ፣ ጨው እንዳይበላው ለካቴናው ወፍራም ዘይት፣ ከፊትም ከኋላም መብራት፣ በመጨረሻም ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ። የኋላው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ ረጅም ምላስ ቀጠልኩበት፤ ጭቃው ከኋላ የሚመጣውን ሰው እንዳይመታ መሆኑን ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በብስክሌት ማኅበራችን የእሑድ ጉዞ እሷ ሁልጊዜ የመጨረሻ ስለሆነች «ከኋላሽ ማን አለና ነው የምደክመው?» ስላት «ከኋላዬ የሚመጣ አይጠፋም» አለችኝ።

የማኅበራችን መሪ ባለ ሥጋ ቤቱ ስታፍ ጋራዣችን መጥቶ ብስክሌቱን ያየው ቀን «አኪል፣ ይሄ ብስክሌት ነው ትራክተር? ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የቀጣሃት?» ብሎ ሳቀብኝ። ቬርለ አፏ መች ይያዛል፤ «ተወው ስታፍ፣ ክብደቱ እንደ አኪል ነው፤ ቢያንስ ይሄኛው አያንኮራፋም» አለችው። ያ ሳቅ አሁንም ጋራዡ ውስጥ አለ። በሩን ስከፍት እሰማዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ላሜራው። የድልድዩ የብስክሌት መንገድ የተሰበረ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ «ለጊዜው» ብሎ ጉድጓዱ ላይ ወፍራም ላሜራ አስተኛበት። ያ «ለጊዜው» እነሆ ልጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዳዴ ብሎ፣ ቆሞ ሄዶ፣ አፉን ፈትቶ ነበር። ላሜራ ውርጭ ሲያርፍበት መስተዋት ይሆናል፤ በመስተዋት ላይ የሚቆም ጎማ ደግሞ እስካሁን አልተፈጠረም፣ ሰፊም ሆነ ቀጭን። እርስዎ ግን ላሜራውን ትተው ብስክሌቱን ከሰሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ስለ ክቡርነትዎ ላሜራ ደፍሮ የሚናገር ሰው ስለሌለ ሙት መውቀስ ቀለለዎት፤ እሷ ተነሥታ አትመልስልዎትማ።

ሦስተኛ፤ ከቀብሯ በኋላ ድልድዩ አጠገብ «ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ» የሚል የሚያምር ቢጫ ምልክት ስላስተከሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው ቢኖር ምቀኛ ነው። ምልክቱን ለማቆም ሁለት ሠራተኞች መጥተው ሲሚንቶ አቡክተው፣ ላሜራው ላይ ቆመው ሻይ ጠጥተው ሄደዋል። እንደዚያ ቆመው ሳሉ አንዱ አዳልጦት ጓደኛውን እንደያዘ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቀም። እሱም ያኔ የተጫማው ለውርጭ የሚሆን ጫማ አልነበረም ይሆናል።

አራተኛ፤ ክቡርነትዎ ራስዎ አንድ ወቅት የማኅበራችን አባል እንደነበሩ ማስታወስ ለማዕረግዎ የማይመጥን ከሆነ ይለፉት። በኅዳር ዝናብ የሚያብረቀርቅ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይዘው፣ ያለ ፓራፋንጎ መጡ። ስታፍም «ወንድሜ፣ እዚህ ፓራፋንጎ የሌለው ከኋላ ነው። የኔ ሕግ እንዳይመስልህ፣ የጭቃው ነው» ብሎ ወደ ኋላ ሰደደዎት። ከኋላ ማን ነበረች? ዳገቱ ላይ ትንፋሽዎ ሲያጥር አንድ እጇን ጀርባዎ ላይ አድርጋ እስከ ጫፍ የገፋችዎት፣ የማር ዳቦዋን ገምሳ የሰጠችዎት ቬርለ ነበረች። ቤት ስትመጣ «ምስኪን፣ ሰውየው ለብስክሌት አልተፈጠረም፤ ግን ልቡ ጥሩ ነው» አለችኝ። ስለ ሰው ስትፈርድ አንዳንዴ ትሳሳት ነበር።

አምስተኛ ብዬ ልጽፈው የነበረው ግን ምስጋናም አቤቱታም ስላልሆነ ቁጥር ነፈግኩት።

እንደሚያውቁት በእኛ ልማድ ፊት የሚነዳው ሰው ጉድጓድ ሲያይ «ጉድጓድ!»፣ መኪና ሲመጣ «መኪና!» ብሎ ይጮኻል፤ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ እስከ መጨረሻው ሰው ይሄዳል። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ድልድይ ባለፍን ቁጥር፣ ማንም እንዳልቀረ ለማሳወቅ «ሙሉ!» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሥራ ቬርለ ለማንም አትሰጥም ነበር፤ «እናንተ ሰው ጥላችሁ የምትሄዱ ናችሁ» ትለን ነበር። ያን እሑድ ጠዋት ቦዩ ጭጋግ ለብሷል። ስታፍ «ላሜራ!» አለ፤ ቃሉ በኔ በኩል አልፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ድልድዩን እንደተሻገርንም «ሙሉ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ስታፍ ሰምቷል። ሌሎቹም ሰምተዋል። እኔም በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የሚስቴን ድምፅ አልስትም። ሰምተን ነዳን። የሚቀጥለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ጋ ዞር ስንል ከኋላ ማንም የለም። ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ብሎ «ራሷ የድልድዩን ብረት በመታበት ቅጽበት ነው ያረፈችው፤ ምንም አላወቀችም፤ ድምፅ እንኳ አላወጣችም» አለኝ። ታዲያ «ሙሉ» ያለን ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ ከኋላ የሚሆን ሰው ጠፍቷል። «አንተ ሁን»፣ «ኧረ አንተ ሁን፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል» እየተባባልን እንደ ሕፃን እንገፋፋለን። ድልድዩን ባለፍን ቁጥር ግን፣ የመጨረሻው ሰው አፉን ሳይከፍት፣ ድምፁ ይመጣል። ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም። ቡና ቤት ገብተን ሾርባችንን እናማስላለን። አንድ ቀን ስታፍ ማንም ምንም ሳይጠይቀው «ንፋስ ነው» አለ፤ ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ያ የሥጋ ክምር የሚያህል ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ብስክሌቱን ፖሊስ መልሶልኛል። የፔዳሉ ጫፍ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ይህ ነው የሚያሳብደኝ። ከክቡርነትዎ ንግግር ወዲህ በየጠዋቱ አወርደውና ጎማውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ልክ ነው እላለሁ። ቁርሴን ሳልጨርስ ተመልሼ እጫነዋለሁ። ፍሬኑን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ለዚህ ከተማ ሰው መድኃኒት ስመዝን እጄን ተጠራጥሬው አላውቅም፤ አሁን አላምነውም። «ያዘጋጀላት ሰው» የሚለው ድምፅዎ ከሷ ድምፅ ጋር ጋራዡን ተካፍሎ ይኖራል። ብስክሌቱ ጥፋተኛ ከሆነ ሚስቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ማሳመሪያ የለውም።

ሊዘሎት ባለፈው ሳምንት እዚያው ጋራዥ ውስጥ ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ውርጩ ሳይገባ ስጠኝ።»

«ሌላ እገዛልሻለሁ የኔ ልጅ።»

«ሌላ ማን ጠየቀህ? እማዬን የገደላት ብስክሌቱ ነው?»

ጎማውን እንደገና በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

«ከሆነ ሰባብረህ ጣለው። ካልሆነ ለምንድን ነው የምትደብቀኝ? ስታፍን አናግሬዋለሁ፤ ከኋላ የምሆነው እኔ ነኝ። ወንዶቹ እንደሆኑ ፈርተዋል።»

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱኝ። እምቢ ብላት እርስዎ ትክክል ነዎት፣ እኔም ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብዬ መፈረሜ ነው። እሺ ብላት ደግሞ የቀረችኝን አንዲት ልጅ በዚያ ላሜራ ላይ መስደዴ ነው። እናትም አባትም ሆኜ ከዚህ ውስጥ የቱን ልምረጥ? በዚያ አዳራሽ የተናገሩትን በዚያው አዳራሽ ቢያነሡልኝ ደስ ባለኝ። ግን ከባድ ከሆነብዎት ይቅር፤ እኔን እንዳሻዎ ይበሉኝ። ላሜራውን ብቻ ያንሡልኝ። ውርጭ የምክር ቤቱን ቀጠሮ ጠብቆ አይመጣም።

ለክቡርነትዎ ዘወትር ደረቅ መንገድ፣ የማይሞት ማሞቂያ፣ እንዲሁም እኔ ያጣሁትን ዓይነት እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ዓይኔን ከፊትዎ ሳልነቅል እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
አኪል ቫንደርስሚሰን
ብስክሌቱን ያዘጋጀው ሰው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ሊዘሎት ከትምህርት ቤት መጣች። ክቡርነትዎን ከማምን የገዛ እጄን ማመን መረጥኩና ብስክሌቱን አውርጄ ሰጠኋት። እናቷ ቁመተ ረጅም ስለነበረች ኮርቻውን ዝቅ ላደርግላት መፍቻ ይዤ ተጎነበስኩ። ልጅቷ ግን ሳልጨርስ ወጣችበት፤ እግሯም ፔዳሉ ላይ ልክ ደረሰ። መቼ እንዲህ እንዳደገች አላየሁም። አንድም ብሎን መንካት አላስፈለገኝም። የለበሰችው ካፖርትም የእናቷ ነው፣ ቆቡም የእናቷ ነው። ላሜራው ዛሬም እዚያው እንዳለ ሄጄ አረጋግጫለሁ። የክቡርነትዎ መኖሪያ ቤት መስኮት ቦዩን እንደሚያይ ስለማውቅ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት፤ እሑድ ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ ከሁሉም ኋላ በድልድዩ ላይ ስትመጣ ቢያዩ እንዳይደነግጡ። የሞተችው አይደለችም፤ ገና በሕይወት ያለችው ናት።