ጁግኒ ያላሳለፈችው ጣውላ

ማንሲር 6

በማንሲር ወር ሩዙ ገባ። ጎተራው እስከ አፉ ሞላ። ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። የቦዩን ውሃ ተራ ደለደልኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደ ልማዳቸው አካፋ ተማዘዙ፤ ጮኼባቸው አስቀመጥኳቸው። ባርጋር ማለት ይሄው ነው... መንደሩ በየዓመቱ በማጊ በዓል አለቃውን ይመርጣል፤ ዓመት በዞረ ቁጥር እኔኑ ይመርጣል። ሌላ ማን አለው?

ይሄንን የምትጽፈው ጁግኒ ናት፣ የልጄ ልጅ። አራተኛ ክፍል። አባቷ፣ ልጄ፣ ለሥራ ማሌዥያ ነው፤ እናቷ ባስማቲ፣ ምራቴ፣ እኔው ጋ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ግን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቶያናት ሰር ማታ ማታ የዕለት ውሎውን እንደሚጽፍ ስብሰባ ላይ ሲኩራራ ሰማሁ። እኔ ከሱ በምን አንሳለሁ? እሱ የሚያዘው አንድ ግቢ፣ እኔ የማዘው መንደር ሙሉ።

"አባባ፣ ቀስ በል። እጄ አልደረሰብህም።"

እኔ የምናገረውን እሷ በታሩ ቋንቋችን ታሰፍረዋለች። መልሳ ስታነብልኝ እኔው ራሴ ነኝ። ሳሌን ሳይቀር ልትጽፈው ነበር!

ማንሲር 9

የትምህርት ቤት ኮሚቴ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ያን ግቢ ጭቃውን አቡክተን፣ ሣሩን አጭደን የሠራነው እኛ ነን፤ ማን ሊቀመጥበት ኖሯል?

ቶያናት ሰር "ውጤታችን ወደ ላይ ነው" አለ። ደስ አለኝ። አምና ልጆቻችንን ቢጫው አውቶቡስ እየጫነ ከተማ ወዳለው የግል ትምህርት ቤት ይወስድ ነበር። እዚያ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ከረባት ያስራሉ። የኛው ግቢ ባዶ ሊቀር... የቤት አባወራዎችን ሰብስቤ "እኛስ አንገት የለንም? እኛም ከረባት እናስራለን፣ እኛም በእንግሊዝኛ እንማራለን!" አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ። በግቢው ውስጥ የታሩ ቋንቋ እንዳይነገር ወሰንን። የተናገረ ጣውላ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ሌላ የሚናገር ልጅ ከያዘ ጣውላውን ለሱ ያሳልፋል። ቶያናት ሰር "ትንሽ አይከብድም?" ቢል "ካልከበደ አይገባቸውም" አልኩት።

ሚስ ማንጃሪን ያሰናበትናትም ያኔ ነው። የኛው ልጅ ናት፣ ታሩ። ትንንሾቹን በቋንቋችን ታስተምር ነበር። ጁግኒን መጻፍ ያስተማረቻት እሷ ናት። ተይ አልናት፤ አልተወችም። ስትሄድ ሰላምታ ብቻ ሰጠችኝ።

አውቶቡሱ አሁን ባዶውን ይመለሳል።

ማንሲር 15

ጁግኒ ዛሬም ሆዷን አሟት። ጠዋት ያማታል፣ ከሰዓት ይተዋታል። ምን ዓይነት ሆድ ነው ሰዓት የሚያውቅ?

ማንሲር 16

ያማታል። ከትምህርት ቤት ቀረች። ባስማቲ ዓይኗን ከኔ ታሸሻለች። ምን አጠፋሁ?

ማንሲር 21

ዛሬ ነገሩን ሰማሁ። ባስማቲ ናት ያወጣችው፣ ቀንድ አውጣውን እያጠበች። ለእራት ነበር።

"ጁግኒ እኮ ይሄንን አትበላም።"

"ለምን? ስትወደው አልነበር?"

"በዚህ የተነሳ ነዋ ጣውላው የወረደባት።"

ክፍል ውስጥ ቶያናት ሰር "ትናንት ማታ ምን በላችሁ?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሁሉም "ሩዝ፣ ሩዝ" አሉ፤ ቃሉን ስለሚያውቁት። የኔዋ እውነቱን ልትናገር ፈለገች። የቀንድ አውጣን ስም በእንግሊዝኛ አታውቀው፤ በታሩ ተናገረችው። ልጆቹ ሳቁ። ጣውላው ተንጠለጠለ። ቆይ፣ እሱስ ስሙን ያውቀዋል? ቢነግራት ኖሮ እኮ ትለው ነበር!

ይሄ የሆነው ከዳሻይን በዓል በፊት ነው፤ ሩዙ ገና ሳይታጨድ። ከዚያ ወዲህ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ ጣውላው ከአንገቷ አይወርድም።

ጠራኋት። "ለምን አላሳለፍሽውም?"

"ለማን?"

"በታሩ ለሚያወራ ነዋ!"

"ሁሉም ያወራሉ፣ አባባ። ሽንት ቤት ጀርባ ሄደው ያወራሉ።"

"እንግዲያው ያዥና ስጪ!"

"አልይዝም" አለች። በቃ።

ይሄንንም የጻፈችው እሷው ናት። ስለ ራሷ እያወራሁ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ ነኝ ውሃ የጠጣሁት።

ፑስ 3

ጉም። ከበሩ ማዶ በሬው አይታይም። ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ዱላዬን ይዤ።

"ያንን ጣውላ ከልጄ አንገት ላይ አውርድ" አልኩት።

ቶያናት ሰር ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አስመጣ። ትሑት ነው ሲያሸንፍ። "ባርጋር፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ደንቡ የእርስዎ ነው። አውራ ጣትዎ አርፎበታል።"

"አውራ ጣቴ ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ ያርፋል!"

"ውጤቱን እኮ አላዩትም። ልጆቹ አርባ መስመር እንግሊዝኛ በቃላቸው ይወጣሉ። የአውቶቡሱን ትምህርት ቤት በለጥን።"

"የሚሉት ይገባቸዋል?"

ሻዩን አማሰለ... ቀስ ብሎ። "ፈተናው ይገባችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ባርጋር።"

"ጁግኒስ?"

"ጁግኒ አታወራም። በታሩም፣ በኔፓልኛም፣ በእንግሊዝኛም። ፈተና ላይ ከሰሌዳው ትገለብጣለች፣ ታልፋለች። ግትር ናት። በማን ወጣች አይባልም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄ ያኮራኝ ነበር።

ፑስ 8

አባወራዎችን ሰበሰብኩ። ደንቡን እናንሳ አልኩ። ሰው ቂጡን ሳያሳርፍ ነው የጨረስኩት፤ የሚከራከረኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ወፍጮ ቤት ያለው ዳንጊራም ተነሳ። እኔን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነበር።

"ባርጋር፣ አሁን የእርስዎ ልጅ ስትነካ ነው የከበደው? የኔ ልጅ በዝናቡ ወር ጣውላውን አጥልቆ ማታ ማታ ሲያለቅስ መጥቼ ነግሬዎት አልነበር? ምን አሉኝ? 'አንገቱ ይጠንክርለት' አሉኝ። ይኸው ጠነከረለት! አሁን አርባውን መስመር ይለዋል። እናቱ ጎረቤት ጠርታ ታሰማለች።"

"የሚለውን ያውቀዋል?"

"እኔ ወፍጮዬ በምን እንደሚዞር አላውቅም፤ ዱቄቱን ግን እበላለሁ።"

ሳቁ። በኔ ላይ... ደጄ ላይ ተቀምጠው። አንዷ መበለት ደግሞ "ሞፈር እንዲሸከሙ ነው የምትፈልገው? የድሮውን?" አለች። እጅ አወጡ። ደንቡ ጸና።

ምን ልበል? የተናገሩት ሁሉ አምና እኔ የተናገርኩት ነው። የራሴን አፍ ነው የመለሱልኝ።

ፑስ 9

ይሄንን የምትጽፈው ባስማቲ ናት። አምስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ ቀስ ብላ ትጽፋለች፣ ፊቷን አጨፍግጋ። "ይሄም ይጻፍ?" ትላለች። ጻፊ።

ጠዋት ክፍሉ ድረስ ገባሁ። ትምህርት እየተሰጠ። ቶያናት ሰር "ባርጋር፣ እንኳን..." ሲል አላስጨረስኩትም። በታሩ ጮክ ብዬ "ይኸው ተናገርኩ! ለኔ ስጡኝ!" አልኩ። ጁግኒ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበረች። ከአንገቷ ላይ አውልቄ እኔው አጠለቅኩት። ገመዱ ጆሮዬ ላይ ያዘ። ስስበው ጥምጥሜ ወደቀ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅ ነው፤ ይሳቅ። እኔ እሷ ትስቃለች ብዬ ነበር የገባሁት። ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትሮጥልኛለች... ምን አስቤ ነበር? ጠረጴዛዋ ስር ገባች። ከዚያ ውስጥ አልወጣችም። ቶያናት ሰር ተንበርክኮ ነው ያወጣት።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ ራቅ ብላ ሄደች። በሰናፍጩ ማሳ አጠገብ ያሉት ሴቶች ወሬው ቀድሞን ደርሷቸው "ባርጋር፣ ጌጡ አማረብዎት!" ብለው ተሳለቁ። በሩ ጋ ስንደርስ ተናገረችኝ።

"ሁለተኛ እንዳትመጣ።"

"ላወርድልሽ ብዬ እኮ ነው።"

"የኔ ነበር" አለች። "ለማንም አልሰጠሁትም ነበር። አንተ ወሰድክብኝ።"

ማታ ልትጽፍልኝ ጠራኋት። አልመጣችም።

ፑስ 14

ቤት ውስጥም አታወራም። ስትራብ ሳህን ታመጣለች።

ፑስ 20

ባስማቲ የጁግኒን ልብስ በጨርቅ ስትቋጥር አገኘኋት።

"ጁግኒን ወንድሜ ጋ ልወስዳት ነው፣ አባቴ።"

"ማንን ጠይቀሽ?"

"ማንንም። እዚያ ሚስ ማንጃሪ ታስተምራለች።"

"ያቺን ሴት ያባረርኳት እኔ ነኝ!"

"ለዚህ ነው የምወስዳት።"

በዚህ ቤት እንዲህ ተናግሮኝ የሚያውቅ የለም። ልጄ እንኳ። ዱላዬን ፈለግኩ፤ ከዚያ ምን ላደርግበት እንደሆነ ጠፋኝ... ለመንገድ የሚሆን ዓሣ አድርቄ ነበር፤ እሱን ሰጠኋት። ጁግኒ እግሬን ነክታ ተሰናበተችኝ፣ እንደ ወጉ። እንደ እንግዳ።

(ባስማቲ ይሄንን የጻፈችው ጁግኒን እዚያ ትታ ከተመለሰች በኋላ ነው። ቀኑን ግን የሄዱበትን አድርጊው አልኳት።)

ማግ 1

ማጊ። ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርደን ታጠብን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወጣቶቹ ጨፈሩ፣ የሩዝ ጠላው ፈሰሰ። ከዚያ የባርጋር ምርጫ።

ሊያወርዱኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የምናገረውንም አሰናድቻለሁ፤ ትምክህተኛ ንግግር ነበር። ዳንጊራም ተነሳ። "እኛን ከአውቶቡሱ ያዳነን ሰው እሱ ነው" አለ። "ትምህርት ቤታችን ከአካባቢው አንደኛ ወጥቷል። እሱ ባይጨክን ኖሮ ልጆቻችን የት ነበሩ?" ቶያናት ሰር ዋንጫውን ይዞ መጥቷል። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ባለፈው የሳቁብኝ ሁሉ።

እምቢ ልል ነበር። እውነቴን ነው፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የአበባውን ጉንጉን ይዘው ቀረቡ... አንገቴን ዝቅ አደረግኩላቸው።

ባስማቲ እዚህ ላይ እርሳሷን ቆም አድርጋ አየችኝ። ጻፊ አልኳት።

ፋጉን 2

ጁግኒን ላይ ሄድኩ። ሩቅ ነው፤ በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኜ ወገቤ ተቆረጠ። የሸንኮራ ስኳር የገባበት ሩዝ ይዤላት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከኛው ያነሰ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከረባት የለ፣ ዋንጫ የለ። ውጤታቸውም ከኛ በታች ነው አሉኝ። ከመስኮቱ ውጭ ቆምኩ። አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ። የሷ ድምፅ ነው! ቆማ ቀንድ አውጣ ከኩሬ እንዴት እንደሚለቀም ለክፍሉ ታስረዳለች። በታሩ። እጇን እያወናጨፈች። አንዱን ልጅ "አንተ ሰነፍ፣ በባዶ እግር ነው የሚገባው!" አለችው። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሚስ ማንጃሪ ደግሞ ያንኑ በኔፓልኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ጁግኒ ሦስቱንም ጮክ ብላ አነበበች።

እንደዚያ ጮክ ብላ ስታወራ የሰማኋት መቼ ነበር? ፊቴን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

አየችኝ።

እጇ ወረደ። አፏ ተከደነ። ልጆቹ ዞረው ተመለከቱኝ። ሚስ ማንጃሪ ወጥታ እጅ ነሳችኝ። "ግቡ እንጂ፣ ባርጋር።" ክፋት የለባትም፤ ክፋት ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። ሩዙን እጇ ላይ አስቀመጥኩና "መንገድ ላይ ነኝ" አልኳት። በአጥሩ ጥግ ዞሬ ቆምኩ። ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምጿ እንደገና ተነሳ... መጀመሪያ ቀስ ብሎ። ከዚያ እንደ ነበረው።

እንደዚያው ቆሜ ልሰማ ነበር፤ ግን ወጥታ ብታገኘኝስ? ትራክተሩን ሳልጠብቅ በእግሬ ጀመርኩት።

"እንዴት ናት?" አለች ባስማቲ፣ እርሳሱን ይዛ። ጭራሽ ሳልገባ፣ ሳላናግራት እንደተመለስኩ ገና አልነገርኳትም ነበር።

"ታወራለች" አልኳት።

"እውነት? ታወራለች?"

"እኔ ከሌለሁ ታወራለች።"

ባስማቲ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። "ይሄም ይጻፍ፣ አባቴ?"

ጻፊው።