ኮምፒውተር ስለሚያነበው የፋንታሁን ፋይል

ለተከበሩ የምርምር ሰነዶች ክፍል ኃላፊ
ጎንደር
ሚያዝያ ፳፻፱ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ማኅተም ጤና እመኛለሁ። እኔ ኢልሃም ሐቢብ የዚሁ የጎንደር አራዳ ልጅ ስሆን፣ ከሟቹ ፋንታሁን አድማሴ ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ በቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የደረሱበት ስላልታወቀ ነው።

፩. ፋንታሁን፣ ከጠዳ ወዲያ ባለው መንደራቸው የጉድጓድ ውኃ ከብት ከጨረሰ በኋላ፣ መርዝ ሲያገኝ የሚቀላ ባክቴሪያ ነደፈ። አንዱ ዘረ መል መርዙን ይለያል፣ ሌላው ቀለሙን ያወጣል፣ ሦስተኛው ቀለም ማውጣቱን ያስቆማል። የእያንዳንዱን ስም፣ የዘረ መል ፊደላቱን ቅደም ተከተልና ትስስር፣ የየትኛውም አገር ኮምፒውተር በሚያነበው የጋራ ደንብ ስምንት ወር ሙሉ ጻፈ። «ብሞት እንኳ ማንም ከፍቶ ይሠራዋል» ሲለኝ፣ «ምነው ታሟርታለህ» እለው ነበር።

፪. ፋይሉን ስናቀርብልዎ «በዓይን የማይነበብ ነገር ሰነድ አይባልም፤ ሥዕሉን በወረቀት አምጡ» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ፋንታሁን ሣጥንና ቀስት ሥሎ አስገባ። ቀስቶቹን አድንቀውለታል።

፫. ኅዳር ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ አዘዞ አጠገብ ተገልብጦ ሞተ። የፋይሉን ቅጂ የያዘው ፍላሽ ከኪሱ አልተገኘም። በተቀበረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩ በትእዛዝዎ በውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ ለሌላ ክፍል ተሰጠ። የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን ሁለት ዓመት የጠበቅን ሰዎች ነንና፣ ፍጥነትዎን ሳናደንቅ አናልፍም።

፬. ባክቴሪያውን ሊሠሩልን የተስማሙት የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ፋይሉን ሲጠይቁ ሥዕሉን ላክሁላቸው። «ቀስቱን አይተናል፤ ዘረ መሉ የታለ?» ብለው መለሱ። ከማስታወሻ ደብተሮቹ ሁለቱን ዘረ መሎች ለቅሜ አገኘሁ። መርዙን የሚለየው የለም።

ባለቤቱ ይመኙሽ መጥታ «ሥራው እንኳ ተርፏል?» አለችኝ። «ተርፏል» አልኋት። ይህን ውሸት ስለ ቢሮዎ ክብር ዋሸሁ፤ ውለታውን አይርሱብኝ።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ እንዲኖሩ የምትመኝልዎ፣
ኢልሃም ሐቢብ

ማስታወሻ፦ የፋንታሁንን እናት፣ እማማ ሐረገወይንን፣ ውኃውን አሁን እንዴት እንደሚፈትኑት ጠይቄያቸው ነበር። «መጀመሪያ በግ እናጠጣለን፤ በነጋታው ቆማ ከተገኘች እኛም እንጠጣለን» አሉኝ። የቀሯቸው ሁለት በጎች ናቸው።