ጉም በሌለበት ቀን ስለምትጣራው እናቴ

ለቆቅ አምባ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፦

ይህ ጽሑፍ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በየገደሉ አፍ የተሠሩትን ሎጆች ሁሉ በደህና ያግኛችሁ፤ አልጋዎቹም በእንግዳ ይሙሉ። እኔ ቆቅ አምባ ተወልጄ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ከአክስቴ ጋር የምኖር ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በጽሑፍ መድፈሬን ይቅር ይበሉኝ።

በቀደም አክስቴ ከገበያ ስትገባ «አንቺ ዝምተኛ፣ ነይ እዪ፤ አገር ሁሉ ስምሽን እየሰማ ነው!» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ከተማችንን የሚያስተዋውቀው ፊልማችሁ ነበር። ተራራው ታየ፣ ቱሪስቶቹ ታዩ፤ ከዚያ የእናቴ ድምፅ «ሰርኬዬ! በዚህ ነይ!» አለ። ስለዚህ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

፩ኛ. እንደሚያውቁት በአገራችን ጉም ሲወርድ ገደል አፍ ላይ የሚኖሩ ሴቶች ደጃቸው ቆመው ያልገባውን ሰው በስሙ ይጣራሉ፤ እሱም ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። እናንተ ግን በፊልሙ እንዳየሁት ቱሪስቶቹ ፎቶ ሲነሱ የእናቴን ጥሪ በድምፅ ማጉያ ታሰሟቸዋላችሁ። በጠራራ ፀሐይ ማንም መንገድ እንዳይስት ስለምትጠነቀቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፪ኛ. ከፊልሙ ግርጌ «ጥንታዊ ዜማ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ካረፈች ገና ሦስት ዓመቷ ስለሆነ፣ እንዲህ በቶሎ ጥንታዊ ስላደረጋችኋት ኮርተናል። ስሟ ወለተጻድቅ ነው። ድምፁን የቀዳው ሠራተኛችሁ ቤታችን ቆሎ እየበላ ጠይቋት ነግራው ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

፫ኛ. ኮልፌ ውስጥ የታክሲ ረዳቶች «አየር ጤና! አስኮ!» እያሉ ሲጣሩ ይውላሉ፤ የሚጠራው ሰፈር እንጂ ሰው አይደለም። ትምህርት ቤትም እኔ «ጥግ ያለሽው» ነኝ። ስለዚህ አክስቴ ስልኳን ትታልኝ ስትወጣ ፊልሙን ከፍቼ ስሜን እሰማለሁ። ለዚህኛው ከልቤ አመሰግናለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከድምፁ ሥር «ወለተጻድቅ፣ ልጇን ስትጣራ» ተብሎ ይጻፍልኝ። ቦታ ከጠበበ ፊልሙ ላይ የእርስዎ ስምና ማዕረግ ከያዟቸው ሦስት መስመሮች አንዱን ያውሱን።

ለከተማው ብዙ እንግዳ፣ ለእርስዎ ረጅም ሹመት የምትመኝ፣ ባለቤት የሌለው ዜማ ልጅ፣

ሰርኬ ሀብተሥላሴ
ኮልፌ ቀራንዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ ደውዬ የሚያነሳ አጣሁ። በቆቅ አምባ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ሰው ገደል ገብቷል ተብሎ አገር ችቦ ይዞ ይወጣ ነበርና፣ ለቅሶ ከመቀመጤ በፊት ቢመልሱልኝ።