አባባን «ሂድ» በይልኝ

ሆሳዕና፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017

ቤቴልዬ፣

ውሸት! ሬዲዮኑን አልሰበርኩትም፤ ፈታሁት። ነርስ ሆነሽ የቆረጠውን ሰውና የሰፋውን ሰው አትለዪም?

እሁድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከመዝጋትሽ በፊት በሀዲይኛ ያልሽኝን ሰምቻለሁ፤ ወረቀት ስለማይችለው አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስለማታነሺ ይሄን ወደ አንቺ ወደ ጊምቢቹ በሚመጣው ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ሹፌሩ ሚክያስ የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ድረስ አደርስላታለሁ ብሏል።

ስለ ጋራዡ ሥራ ሳማክርሽ «ከልጅነትሽ ጀምሮ የያዝሽውን ታጠፊያለሽ» አልሽኝ። እሺ፣ ልጅነትን እናንሳ። ዶሮዋን ታስታውሻለሽ? በሎሚ እሾህ መርፌ እየወጋሽ ስታክሚያት ተዝለፈለፈችና ሳትሞት ታረደች። በሽተኛሽን በወጥ በላናት! አባባ ምን አለ? «ዶክተሬ!» ብሎ ሳቀ፤ ፈረሰኛውን ሳይቀር ላንቺ አወጣልሽ።

ሬዲዮኑስ? አንቺ አስራ አንድ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ። ከቁምሳጥኑ ላይ ስታወርጂው ከእጅሽ አመለጠ። «አባባ ይገድለኛል» እያልሽ ስታለቅሺ፣ ድምፁን ልመልስልሽ ብዬ በቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁ። አባባ ሲገባ ሬዲዮኑ አንጀቱ ወጥቶ እኔ ጭን ላይ ነበር። «አጥፊ!» አለኝ። አንቺ ዝም አልሽ። ረስተሽው ነው፣ ወይስ ስትደጋግሚው ራስሽም አመንሽው?

ይሄን ለአባባ ንገሪው አልልሽም። ግን ሳስበው ይገርመኛል። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፤ የሁለታችንም እጅ አላርፍ አለ። አንቺ ባወጣልሽ ስም ሄደሽ ነርስ ሆንሽ። እኔም ባወጣልኝ ስም ቀረሁ።

ትምህርቱንም ጠልቼ አይደለም የተውኩት። ከፊዚክስ አስተማሪው ጋር ተጣላሁ፤ አዎ፣ አፌም አያርፍም። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። አባባ ሰላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ እሱ ራሱ ፊደል ያስቆጠራቸው አስተማሪዎች ፊት በኔ የተነሳ አንገቱን ሲደፋ ልየው? ቀረሁ በቃ።

አሁን ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መካኒክ ያቃተውን ባጃጅ ድምፁን ሰምቼ «ካንዴላው ነው፤ እሳት አይሰጥም» አልኩ። ተቀየረ፣ ተነሳ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አበራ ከመስከረም ጀምሮ ዕቃ ከማሳጠብ በቀር ምንም አላስነካኝም ነበር፤ ያን ቀን ግን «ጆሮ አለሽ» አለኝ። ሞተር የሚያስፈታኝ ግን አባት መጥቶ በአፉ «ልጄን አደራ» ካለው ብቻ ነው። ለወንዶቹም እንደዚያው ነው፤ ጣት ቢቆረጥ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይጣላ። የሰጠኝ ጊዜ ዛሬ ያበቃል። ነገ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል።

አባባን ለመንኩት። መነጽሩን አወለቀና «ቤቴል ካለች» አለ። ሁሌ ቤቴል ካለች! ተናድጄ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ከዚያ ብርዱ እንዳይመታው ተመልሼ ዘጋሁት።

እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ያንቺ አልኮል አልኮል እንደሚሸተው። አልደብቅሽም፣ ደስ ይለኛል።

ጌታ ተረኛ በሆንሽበት ሁሉ ያበርታሽ፤ በሽተኛ ይውደድሽ። የተሳደብኩበትን መስመር ዝለይው።

ለኔ አትደውይ። ለአባባ ደውይ። ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ሂድ» በይው፣ ይበቃዋል። ከጠዋት ጀምሮ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። የማይሄድ ሰው ኮት ምን ያደርግለታል? ጋሽ አበራ ሲመሽ ይዘጋል። ሳይመሽ ደውይ፣ ቤቴል! ሳይመሽ!

እህትሽ አቢጋኤል