ላስቲክ ያለበስኋቸው ቀፎዎች

ውድ እትየ አረጋሽ፣

የዘንድሮው የዓይን ሕክምናዎ እንዴት ሆነ? ይህን የሚያነብልዎት ልጅዎ ሃና እንደምትሆን አውቃለሁ። እሷም ትስማኝ፤ ኀፍረቱ ይገባኛል።

ካቻምና ክረምት ለዚሁ ሕክምና ጎንደር ሲወርዱ አምስቱን ቀፎ ለእኔ አደራ ሰጡኝ። "ሣር አልብሻቸው፤ ከላይ ግን ትንፋሽ መውጫ ተዪላቸው" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደባርቅ ሦስት ቀን ስለ ንብ ሠልጥኜ መጥቼ ማንን ልስማ! ብርድ እንዳይገባ ብዬ በላስቲክ ጠቀለልኋቸው፤ ስንጥቁን ሁሉ በእበት መረግሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ውስጡ ውሃ አዝሏል፤ የማር እንጀራቸው ሻግቷል፤ ንቦቹ ከታች ተከምረው ሞተዋል። ከአምስቱ አንድም አልተረፈ። አለቀስሁ። ከዚያ ላስቲኩን አቃጥዬ እበቱን ፋቅሁ።

ተመልሰው "ምን ነካቸው?" ሲሉኝ "ጎረቤታችን አያ ደምለው ባቄላቸውን መድኃኒት ረጭተው ነው" አልሁዎት። መርጨታቸው እውነት ነው፤ የረጩት ግን ንቦቹ ካለቁ በኋላ ነው። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ማኅበሩ ላይ ሽማግሎቹ አያ ደምለውን "ይማሉና ይገላገሉ" ሲሏቸው የመለሱት ትዝ ይልዎታል? "አልገደልሁም። ግን እውነት ብይዝም አልምልም፤ አባቴም ምሎ አያውቅ።" አልምልም በማለታቸው ጥፋተኛ ተባሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ጠላ እቀዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ማኅበር አይቀመጡም። ልጃቸውን ሲድሩ እርስዎ ደጃቸውን አልረገጡም፤ እኔ ግን ሄጄ በላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ለውርጩ ብዬ የራሴን ሁለት ቀፎ ሣር ሳለብስ አያ ደምለው በአጥሩ በኩል መጡ። ትንሽ አዩኝና፣

"ዘንድሮስ ላስቲኩን ተውሽው፤ ጎሽ" አሉኝ።

ሣሩን እንደያዝሁ ቀና አልሁ። "ያውቁ ነበር?"

"ስታቃጥዪው ሽታው እኔ ግቢ ነው የገባ።"

"ታዲያ ለሽማግሎቹ ምነው ዝም አሉ?"

"አንቺ እስክትናገሪ ብዬ ነዋ። ልጅ ነሽ፤ አንድ ቀን ይከብድሻል አልሁ።"

ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀብለው ያለብሱልኝ ጀመር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። እርስዎ ግን ከሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ፈለግሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርሁም። ሲመለሱ ከሚኒባሱ እንደወረዱ መጀመሪያ አያ ደምለው ቤት ይግቡ። የእኔ ደጅ ይቆይ።

ንቦችዎን የፈጀሁት፣ በሰው ያሳበብሁት፣
ስጦታ