የፍልሰታው ዝናብ

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣

አባቴ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎን ብርዱ አላስቸገረዎትም? እማዬስ ሳሉ ተሻላት? እኔ ባሕር ዳር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤና አለሁ። ልቤ ግን ሰላም የለውም።

ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን የደረሰዎት ደብዳቤ የዝናብ ልኩን ከራስዎ ፈጥረው እንደሚጽፉ ይናገራል አሉ። እርስዎም ተቀይመው መለካቱን እንደተዉ ወንድሜ ባምላክ ነገረኝ። አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በስልክ ልናገረው ብል አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ጻፍሁልዎት።

ሥራ እንደጀመርሁ የተሰጠኝ የእርስዎን የአሥር ዓመት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልኩ፣ ሁሉም በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍዎ። በየዓመቱ ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ አምስት ግን ባዶ ነው። ለፍልሰታ ሱባኤ ገዳም ይገባሉ፤ የዝናብ መለኪያዎን ደግሞ ሌላ ሰው አያስነኩም፣ ጠባይዎን አውቀው የለ! እኔ ብልጧ ሥራው እንዳልተጨረሰ መስሎኝ ባዶውን ሁሉ ዜሮ ሞላሁበት።

ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፤ የሰጡትን በየቀኑ ደርድሮ መስመር ይሥላል። በዚህ ወር መጀመሪያ አለቃዬ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሲያዩት፣ አገራችን እንፍራንዝ በየዓመቱ በክረምቱ እምብርት ጠብ የሚል ነገር የለም። አባትሽ ቤታቸው ተቀምጠው ነው የሚጽፉት አሉኝና ያን ደብዳቤ ጻፉልዎት። ነገሩ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ያሳደጉኝ ልጅ ሁለት ሳምንት ደበቅሁት። አፍራለሁ።

ትናንት ገብቼ ነገርኋቸው። መዝገብዎን አስመጥተው ገጽ በገጽ አዩት። ዜሮ ማለት ተለክቶ ዝናብ ታጣ ማለት ነው፣ ባዶ ማለት አልተለካም ማለት ነው፤ አባትሽ ያላዩትን አልጻፉም፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽባቸው አሉኝ። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። የይቅርታ ደብዳቤያቸው ማኅተም ተመቶበት ከዚህ ጋር አለ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ለፍልሰታ ሲሄዱም መለኪያውን ለእሷ ይስጡልኝ፣ ከእርስዎ ይልቅ ዓይኗ ደኅና ነው። ባምላክን ስለነገረኝ ያመስግኑልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ወለተ ሩፋኤል እግራቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

አባቴ፣ መዝገቡን አስተካክያለሁ። መለካት ከተዉ ወዲህ ያለፉትን ዘጠኝ ቀናት ግን እኔም ሆንሁ ማንም ልንሞላቸው አንችልም፤ የወረደ ዝናብ ተመልሶ አይለካም። እኔን ለመቆጣት ጊዜ አለዎት። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ማግስት፣ እንደ ወትሮው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ እባክዎ ወጥተው ይለኩ።

ልጅዎ ወንጌላዊት
ባሕር ዳር
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.